ወለሉ ሳይዘጋ

አሶሳ፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃናኒ አባት፣

የጌታ ሰላም ከደጅህ ይግባ። እንዴት ነህ? ያ ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ቃናኒ ለፋሲካ ከባምባሲ መጥታ «አባዬ ቁልቁለት ሲወርድ በጎን ነው የሚሄደው» ብላ አስመስላ ስታሳየኝ በሳቅ ሞትኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጓዳ ገብቼ አዘንኩ። ከብቶችህ ደህና ናቸው? ጎረቤቶችህስ? አንተ ያለህበት የካማሺ መንገድ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ዓመት ወሬህን ያልጠየቅኩት ሹፌርና ነጋዴ አልነበረም፤ አንተ ግን ይህን አታውቅም። እዚያ የምታበስልልህ ሰው ካለችም ሰላም በልልኝ። የምሬን ነው፣ ነገር ፈልጌ አይደለም።

እኛ ደህና ነን። ወንድሜ ገመቺስ ደህና ነው፣ ልጆቹ ቁመታቸው በሩን አልፎ አጎንብሰው ነው የሚገቡት። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ደስ ብሎኝ መቀመጫ አጥቻለሁ። ይህችን ጥቂት መስመር እስክጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ደጅ ወጥቻለሁ፤ አንዴ ደመናውን ለማየት፣ አንዴ ማንም ሳይጠራኝ «አቤት» ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ምን ፈልጌ እንደወጣሁ እንጃ።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ደውዬ ነበር። ቁጥርህን ከቃናኒ ስልክ ላይ ሰርቄ ባለፈው ረቡዕ ደወልኩ። «ሃሎ» አልክ። ደግመህም «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አልክ። እኔ ወሬኛዋ፣ ገበያ መሃል የማላውቀውን ሰው አቁሜ ሳወራ የምውለው ሴት፣ አፌ ተሳሰረና ዘጋሁት። ያቺ ዝም ያለችብህ ሴት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሳሁ። በብዕር ማንም አያቋርጠኝም፤ አንተም የዐሥራ አምስት ዓመቱን ወሬ ባንድ ላይ ታነበዋለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ?

ወደ ነገሬ ልግባ። መጋዘኑ! አንተ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቁልፉን ይዘህ የኖርክበት የሰሊጥ መጋዘን የኛ ሆነ። የኛ ስልህ የሴቶች ማኅበራችን ማለቴ ነው፤ ሰብሳቢዋ ደግሞ ማን ትመስልሃለች? አዎ፣ እኔው። አትሳቅ። ያ አሠሪህ ድርጅት ጥሎት ከሄደ ወዲህ የሌሊት ወፍና የሰከረ ሰው ማደሪያ ሆኖ ነበር። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት መስሏል፣ ግድግዳው ላይ ሾላ በቅሏል። ከተማው «አፍርሰን ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» ሲል እኛ ማመልከቻ ይዘን ስንመላለስ የቢሮው ዘበኞች ስማችንን ሸምድደውት ነበር። በመጨረሻ «ካደሳችሁት ውሰዱት» አሉን።

አንዲት መሐንዲስ ተላከችልን፣ መነን ትባላለች። ዕድሜዋ ከቃናኒ አይበልጥም፣ ጫማዋ ግን ከእግሯ ይበልጣል። ገብታ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና «ይህን አፍርሶ አዲስ መሥራት ኃጢአት ነው፤ አጥንቱ ጤነኛ ነው» አለች። እኔ በዚያች ቃል ወደድኳት። አዲስ ነገር ብዙ እንዳንገዛ ነው ያደረገችን። ደህናው ቆርቆሮ ተለቅሞ ተገልብጦ ተመታ፣ የተበሳው ለሽንት ቤቱ አጥር ሆነ። ግድግዳውን በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራና በጭቃ፣ የማሽላ ገለባ ጨምረን፣ ራሳችን ለቀለቅነው፤ የበርታ ሴቶች ናቸው ያስተማሩን፣ እጃቸው ሲያለሰልስ ብታይ! ኮርኒሱ ሽመል ነው፣ ያ የአገራችን ቀርከሃ። ሽመሉን ሐምዳን የሚባል በርታ አናጢ በበጋ አስቆርጦ፣ ወንዝ ውስጥ አስተኝቶ፣ ነቀዝ እንዳይበላው አድርጎ ሠራው። አሁን በቀትር ስትገባ ያ የምታውቀው የምድጃ ሙቀት የለም፤ ውጭ ፀሐይ ሰው ትጠብሳለች፣ ውስጥ ነጠላ ያስደርባል።

የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ወደ ትልልቅ ሮቶ እንዲወርድ ተደርጓል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጄሪካኑን ይዞ የሚቀዳበት ቧንቧ ከውጭ በኩል ተተክሏል። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ምዕራብ በኩል ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ክፍል አለ። ትልቁ አዳራሽ ደግሞ ማንጎ ማድረቂያ ይሆናል። አሶሳ ማንጎ ሲደርስ አሳማ እንኳ የሚጠግብበት አገር መሆኑን ታውቃለህ፤ ዘንድሮ መሬት ላይ አይበሰብስም ብለን ተማምለናል። የሌሊት ወፉን ኩስ እንኳ አልጣልነውም፣ ለችግኝ አደረግነው። ምክትሌ ትሩፋት «እኛ ሴቶች ኩስ ሳይቀር አስታረቅን» ብላ አሳቀችን። ትሩፋት ከሰፋሪዎቹ መንደር ናት፣ የወሎ ልጅ፤ ምላሷ ሞረድ አይፈልግም።

የቀረው ወለሉ ብቻ ነበር። ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ወለሉ ነው።

መጀመሪያ መነን ዙሪያውን ዞራ ከመሠረቱ አጠገብ ያሉትን ቀዳዳዎች፣ ከጣውላው ሥር አየር የሚያስገቡትን፣ በሲሚንቶ ተደፍነው አገኘቻቸው። «የዚህን ቤት አፍንጫ የደፈነው ማነው?» ብላ ጮኸች። እኔ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አንተም እንዲሁ ብለህ ነበር። አይጥ እንዳይገባ ብለው ድርጅቱ ያስደፈነ ዕለት ማታ ራት ላይ «አፍንጫውን ደፈኑት፣ ቤቱ ሊታፈን ነው» ብለህ እንጀራውን ሳትጨርስ ተነሳህ። እኔ ያን ጊዜ ለቤት እንዲህ የሚታዘን አይመስለኝም ነበር።

ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ሐምዳን ጣውላውን መፈተሽ ጀመረ። ዛሬ ሁለት ሳምንቱ። በስተምሥራቅ ካለው ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንዱን ጣውላ በብረት ፈንቅሎ አነሳና ተጣራ። «እትዬ፣ ና! ቶሎ ና እይ!» እሱ ለሴትም ለወንድም «ና» ነው፣ ለምደነዋል። ሄድኩ። «እዚህ ታች ያለው አፈር አይደለም» አለኝ። «እኔ አፈር አውቃለሁ። ይሄ ምግብ ነው።»

ተንበርክኬ አየሁ። ጥቁር፣ እንደ ፋጉሎ የደረቀ ነገር። በጣቴ ቆረስኩት። አሸተትኩት። የቃናኒ አባት፣ ያን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ ተኝቶ አሁንም ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል! ሌላ ጣውላ አነሳን፣ አለ። ሌላም አነሳን፣ አለ። ከሦስተኛው ምሰሶ እስከ ምሥራቅ ግድግዳ ድረስ፣ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ፣ የምስጥ አፈርና የአይጥ ጎጆ የተቀላቀለበት ሰሊጥ ነው። ጣውላው ላዩ ቀለም ተቀብቶ ሳቅ ብሎ ተኝቷል፤ ታቹን ምስጥ በልቶት ወንፊት ሆኗል። አየር ሲያጣ ረጠበ፣ ሲረጥብ ምስጥ ወጣበት።

ትዝ ይልሃል አይደል፣ በኅዳር ዝናብ ያገኘውን ሰሊጥ ከኬሻ ዘርግፋችሁ ባዶ ወለል ላይ አስጥታችሁ በላይዳ ስታገላብጡት? ሌላው አገር ሸራ ያነጥፋል። እናንተ «የጣውላው ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል» እያላችሁ፣ እኔም ምሳህን ይዤ ስመጣ ጫማዬን አውልቄ እየረገጥኩት። ስታገላብጡት በጣውላው ክፍተት ወደታች ይፈስስ ኖሯል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፤ ሰሊጡ ጎደለ በተባለበት ዓመት ደግሞ ዝናቡ አልቆም ብሎ የወረዳው ሰሊጥ በሙሉ እዚያ ወለል ላይ ነበር የተሰጣው።

ሴቶቹ ሥራ አቁመው ከበቡን። ትሩፋት ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ አልቆየም። «በስመአብ!» አለች። «ምስጥ ሰርቆ ሰው ተሰደደ እንዴ?»

ተነስቼ ልምጣ፣ ወረቀቱ ሊረጥብ ነው።

*

ተመለስኩ። ያንን ዓመት ሳላነሳው ማለፍ አልችልም፤ ታገሰኝ።

ሰሊጡ ጎደለ ተብሎ ድርጅቱ ከሥራ ሲያግድህ፣ ገበሬዎቹ ደግሞ «የኛ ላብ ነው» ብለው ሽማግሌ አስቀመጡ። አምስቱ ሽማግሌዎች እዚያው መጋዘኑ ውስጥ፣ እዚያው ወለል ላይ ተቀመጡ። የሚከስህ ሲናገር አንተ ቆብህን በእጅህ ይዘህ መሬት መሬት ታያለህ። ሼህ ዓብዱልላጢፍ «በሌሊት የሚጠብቀውን እንጠይቅ?» ሲሉ ብቻ ቀና አልክ። «ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። ሌላ ሰው አትጠይቁ» አልክ። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ማመን ቆጠረው። እኔም ቆጠርኩት። ፈረዱብህ፣ አንተም ከተማውን ጥለህ ካማሺ ሄድክ።

ሌሊት የሚጠብቀው ገመቺስ ነበር። በዚያው ዓመት ገመቺስ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰ። መንጌ ወርዶ ወርቅ ሲያጥብ ከርሞ ቀንቶት እንደነበር ለማንም አልተናገረም፤ ወርቅ ያገኘ ሰው አያወራም፣ ዕድሉ ይሸሻል ይላሉ። አንተ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ቆመህ ያን ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ታየው ነበር። እኔ ቀንተህ ይመስለኝ ነበር! «ምን ታፈጥበታለህ፣ አንተም አልብሰን» እንዳልኩህ አስታውሳለሁ። ቆብህን አድርገህ ወጣህ።

ሰሊጡ የተገኘ ዕለት ገመቺስ ሽመል ሊያወርድ መጥቶ ነበር። ቁጢጥ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነና በመዳፉ ፈረከሰው። ከዚያ «እትዬ» አለኝ፣ «ሲሄድ መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እጄን ይዞ ‹ልጆችህን አሳድግ፣ ሌላውን ተወው› አለኝ። ሌላው ምንድን ነው እያልኩ ስንት ዓመት ቆየሁ።» ወጥቶ ከግድግዳው ጀርባ ተቀመጠ፣ ሽመሉን ሳያወርድ ውሎ ገባ።

ይህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት፤ የማንን ስም እንደሸሸግክ ገባኝ። አልጠይቅህም። አንተም በደብዳቤ አትመልስልኝ።

*

ረቡዕ

ሰኞ የጀመርኩትን ትናንት ልጨርስ ብዬ ነበር፤ ትናንት ግን ጉድ ሆነ። መጀመሪያ ከሼኩ ልነሳ።

ሰሊጡ በተገኘ በማግስቱ ሼህ ዓብዱልላጢፍ ጋ ሮጥኩ። ከአምስቱ ሁለቱ አርፈዋል፣ እሳቸው ከነምርኩዛቸው አሉ። መጥተው ጣውላው ከተነሳበት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቆረሱ፣ አሸተቱ፣ ጥቂት ወደ አፋቸው አድርገው ተፉት። «እኛ በሰው ላይ ፈረድን» አሉ። እኔ ቸኩዬ «እንግዲያው ነፃ ነው የሚል ወረቀት ጻፉልኝ፣ ማህተም አስመታበታለሁ» አልኳቸው። ተቆጡኝ! «ማህተም የመንግሥት ነው። የኛ ቃል እዚህ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። ቃል የሚነሳው በተቀመጠበት ቦታ፣ ነገሩ በዓይን እየታየ፣ በሰውየው ፊት ነው። ሰውየው በሌለበት የተነሳ ቃል፣ ወላሂ፣ ዞሮ ይቀመጣል። አስመጣው።»

አስመጣው አሉኝ። እንደ ሲሚንቶ ማስመጣት ቀላል መሰላቸው!

መነን ደግሞ በሌላ በኩል ትነዘንዘኛለች። በምሥራቅ በኩል አሸንዳው ገና አልተገጠመም፤ ዝናብ ቢመጣ ውኃው በተከፈተው ወለል ገብቶ መሠረቱን ይይዛል። ሰሊጡና የምስጡ አፈር ተዝቆ ወጥቶ አዲሱ ጣውላ በቶሎ መመታት አለበት። ማንጎው ደግሞ እየደረሰ ነው። አንድ መቶ ሃያ ሴት ያን ወለል ትጠብቃለች። ገሚሶቹ ባል የሌላቸው ናቸው፣ ገሚሶቹ ከቀያቸው ተፈናቅለው መጥተው እዚሁ የቀሩ። እኔስ? እኔ ደግሞ አንተ እስክትመጣ ሰሊጡ ባለበት እንዲታይ እፈልጋለሁ። ወለሉ ከተዘጋ ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው፣ አንተም ያው እንደ ድሮህ።

እና ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ሚስማሩን ደበቅኩት።

እውነቴን ነው። ሚስማሩ በካርቶን መጥቶ ነበር፣ በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ወስጄ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሲጠይቁኝ «ገና አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ዐሥር ቀን ሙሉ ዋሸሁ፤ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ የማየው ሚስማር ነው። ሐምዳን በየጠዋቱ «እትዬ፣ ሚስማር መጣ?» ይለኛል፣ እኔ «ነገ»። አንድ ቀን «ይሄ ሚስማር በእግሩ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ያን የአሶሳ ዝናብ ታውቀዋለህ፣ አያስጠነቅቅም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምሥራቁ በኩል ወንዝ ሆነ። ሴቶቹ በባልዲ፣ በሳፋ፣ አንዷ በሕፃን ማጠቢያ ገንዳ ሳይቀር ይዝቃሉ። የማንጎ ማድረቂያው ወንፊቶች፣ ስንት ቀን የሠሩት የሽመል ሥራ፣ ተንሳፈፈ። አንዲት ነፍሰ ጡር አንሸራተታት፤ ጌታ አተረፋት፣ በትሩፋት ላይ ነው የወደቀችው። እኔ እጄ ባልዲ ይዟል፣ ሆዴ ሚስማር።

ዝናቡ ሲያባራ ትሩፋት ጭቃ በጭቃ ሆና ፊቴ ቆመች። «አንቺ ሰብሳቢ» አለችኝ፣ «የሚስማሩ ባለጋሪ የአክስቴ ልጅ ነው። የት እንዳወረደው ከነገረኝ ሳምንት አልፏል። ራስሽ እስክታወጪው ዝም አልኩ። ለባልሽ ብለሽ መቶ ሃያ ሴት ልታሰምጪ ነው?» እኔ «ባሌ አይደለም፣ ተለያይተናል» አልኳት። «እሱን ለሚስማሩ ንገሪው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቤቴ ሄጄ ካርቶኑን በራሴ ተሸክሜ አመጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰብሳቢነቱንም ውሰዱት አልኳቸው። «ማን ይወስደዋል፣ የአንቺን ያህል ቢሮ የሚነዘንዝ የለንም» ብለው መለሱልኝ።

ነገ ወለሉ ይዘጋል። እጄን አንስቼ የወሰንኩትም እኔው ነኝ። እንቅልፍ የለኝም፣ ደስታዬም አልለቀቀኝም፤ ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ይጋፉኛል።

*

ሐሙስ

ተዘጋ። ግን ስማኝ፣ እንዴት እንደተዘጋ ልንገርህ።

ጠዋት ሐምዳን ሚስማሩን አፉ ላይ ደርድሮ ሲጀምር ትሩፋት ወደ እሱ ሄዳ የሆነ ነገር በጆሮው አለችው። ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ አሰበ። ከዚያ መነንን ጠርቶ «ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ጣውላውን አልመታም። ክዳን እሠራለሁ፣ የሚነሳ» አላት። እኔ መነን ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «እኔም ልለው ነበር! ምስጡን በየዓመቱ ከፍተን የምናይበት መፈተሻ ያስፈልጋል» አለች። ሌላው ሰሊጥ ሁሉ ተዝቆ ወጥቷል። ከዚያች ክዳን ሥር ያለውን ግን፣ አንድ ሰው ቢተኛበት የሚበቃውን፣ እንዳለ ተዉት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከበው ውኃ እንዳይነካው አደረጉ። አዲሱ ወለል ለማንጎ ደረሰ፣ ያንተም ነገር አልተቀበረም። ሰፈሩን በወሬዋ የምታተራምሰውን ትሩፋትን አቀፍኳት፤ «ልቀቂኝ፣ ላብ ነሽ» አለችኝ።

የመጨረሻው ጣውላ ሲመታ ሴቶቹ እልል አሉ። ሼህ ዓብዱልላጢፍም መጥተው ነበር። ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔ ክዳኗ አጠገብ ቆምኩ። የሚናገረው ሰው ሁሉ ከተናገረ በኋላ ተነሳሁ። ሰብሳቢ ናት፣ ታመሰግናለች ብለው ጠበቁኝ።

እንዲህ አልኩ። «በዚያን ቀን እዚህ ወለል ላይ አምስት ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም የተናገሩት። እኔንም ‹ሚስቱ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?› ብለው ጠይቀውኛል። ‹አላውቅም› አልኩ። ሽማግሌዎቹ እስከዚያ ድረስ ተከፋፍለው ነበር። የኔን ቃል ሲሰሙ አንድ ሆኑ። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሰውየው የጎረቤት በቆሎ ወደ ግቢያችን ቢያዘነብል መልሶ የሚያቃና ሰው ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሴት እንዴት አላውቅም? ሰው ያየኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ዝም ስላለ ተናድጄ ነው። አውቅ ነበር።»

ከሴቶቹ አንዷ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የራሷም ነገር ይኖራታል።

ሼኩ ምርኩዛቸውን መሬት አስደግፈው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ቃሉ አልተነሳም» አሉኝ። «እሱ የለም።» «አውቃለሁ» አልኳቸው፣ «ከበደኝ እንጂ ለማንሳት አይደለም።» «እንግዲያው ደግመሽ ትይዋለሽ» አሉ።

ቅዳሜ ግንቦት ሁለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቀሩት ሦስቱ ይቀመጣሉ። ገመቺስም ይኖራል። ምን እንደሚልህ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋርም ብዙ አያወራም፣ ግን ፀጉሩን ተቆርጧል። ይህን የሚያደርስልህ ሹፌር ነገ በወለጋ ዞሮ ይነሳል፤ ረቡዕ ሲመለስ የፊቱን ወንበር ለጉልበትህ ብሎ ይዞልሃል። ያዝለት ያለችው ቃናኒ ናት። እሺ፣ እኔ ነኝ።

ላስገድድህ አልችልም። አንተ እዚያ ከብት አለህ፣ ማሳ አለህ፣ አፈር ታርሳለህ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልፈለገህን ከተማ ለምን ትፈልገዋለህ? ብትቀርም አልፈርድብህም፤ መፍረድ ይበቃኛል። ብቻ እወቀው፣ አንተን ሌባ የሚል ሰው አሁን አሶሳ ውስጥ የለም። ከመጣህ ደግሞ ሰው እስኪያፍር ድረስ አትዘግይ፤ ሽማግሌዎቹ አንተ ፊት ቃላቸውን ካነሱ በኋላ፣ ከእነሱ ቀጥሎ የምናገረው እኔ ነኝ። የምለውን አሁን አልጽፈውም። በወረቀት ላይ አንዴ ካሰፈርኩት፣ ያን ዕለት ሸምድጄ የመጣሁ ይመስልብኛል።

ሹፌሩ በር ላይ ጡሩምባ እየነፋ ነው፣ ነገ ነው የምነሳው ብሎኝ ዛሬ መጣ! ወረቀቱን ሳላነብ ልዝጋው፤ ስሕተት ብታገኝበት እንደ እኔ ቁጠረው።

ጌታ መንገድህን ያቅና። ጭቃው ይራራልህ፣ ድልድዩ ይጠንክርልህ። ከብቶችህ በሰላም ይክረሙ፣ ጉልበትህን ዘይት ያድርግልህ። ለደግነትህ ሰው የከለከለህን እሱ ይመልስልህ።

ከዚህ በታች የሰረዝኩትን ቃል ወደ ብርሃን ይዘህ አታንብበው።

የቃናኒ እናት